ያለፈውን ስለማይረሳ ነገርና ወደ ኋላ ስለሚሠራ ሒሳብ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። ምሳሌው የተነገረው ስለ ሰው ነው፤ ነገር ግን ለግዑዝ ነገርም እንደሚሠራ ሒሳብ ያስረዳናል።

ጠፍር ስበን ርዝመቱ እንዳይለወጥ አድርገን ብናስረው፣ መልሶ የሚስብበት ኃይል ቀስ በቀስ ይላላል። እንግዲህ የአሁኑ ኃይሉ የሚወሰነው በአሁኑ መሳብ ብቻ ሳይሆን ቀድሞ በደረሰበትም ጭምር ነው። ይህንንም ሉድቪግ ቦልትስማን የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1874 ዓ.ም. በሒሳብ ጻፈው፤ ያለፈው ሁሉ ይቈጠራል፣ የቆየው ግን ክብደቱ ያነሰ ነው።

የጠፍሩን ጠባይ ዐውቀን ኃይሉን መፈለግ ቀጥተኛ ጥያቄ ይባላል። ኃይሉን ለክተን ጠባዩን መፈለግ ግን ግልብጥ ጥያቄ ነው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

ምሳሌ፦ ጠፍሩን መጀመሪያ 1 ጣት፣ ቀጥሎ እስከ 3 ጣት ብንስበው መለኪያው 10፣ ከዚያም 26 አሳየ እንበል። ጠፍሩ ያለፈውን ቢረሳ ኖሮ 3 × 10 = 30 ባሳየ ነበር። የጐደለው 4 የትዝታው ልክ ነው። አሁን ዓይናችን ተሳስቶ 10ን 9 ብለን ብናነብስ? 3 × 9 = 27፤ 27 − 26 = 1። የንባቡ ስሕተት ከዐሥር አንድ ብቻ ሲሆን፣ 4 የነበረው ትዝታ 1 ሆነ!

በእውነተኛው ሥራ ነገሩ በየቦታውና በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ጥያቄው ፓርሻል ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን በሚባለው እኩልዮሽ ይጻፋል፤ ስሕተቱም ይብሳል። ፈረንሳዊው ዣክ አዳማር ደኅና ጥያቄ ማለት መልስ ያለው፣ መልሱም አንድ የሆነ፣ ልኬቱ ጥቂት ሲለወጥ መልሱም ጥቂት ብቻ የሚለወጥ ነው ብሏል። ግልብጥ ጥያቄ ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ይወድቃል። ለዚህም ሩሲያዊው አንድሬይ ቲኾኖቭ በ1963 መድኃኒት አቀረበ፤ ይኸውም ከልኬቱ ስሕተት ወሰን ሳይወጡ ከሚስማሙት መልሶች መካከል ከመጠን በላይ የማይዋዥቀውን መምረጥ ነው።

ዛሬ ሐኪሞች ጉበት መጠንከሩን ሳይቀዱ ለማወቅ ንዝረት ወደ ሰውነት ልከው አካሄዱን ይለካሉ። ሥጋም እንደ ጠፍሩ ያለፈውን ያስታውሳል። በዚያ ቦታ 4ን 1 ማለት በደብተር ላይ ማርክ እንደ ማጣት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ መልስ ባገኘን ጊዜ «ልክ ነው ወይ?» ብለን አናብቃ፤ «ልኬቴ ጥቂት ቢሳሳት መልሴ ምን ይሆናል?» ብለንም እንጠይቅ።