ከከባድ የጭንቅላት አደጋ በኋላ የአንጎል መስመሮች ምን ይሆናሉ?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ በጎርፍ ተቆረጠ እንበል። ሁለቱም ከተሞች እንዳሉ ናቸው፤ ቤት አልፈረሰም፣ ገበያም አልተበተነም። እህል የጫነው መኪና ግን አያልፍም። ከባድ አደጋ በአንጎል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላገኘንም።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ጭንቅላቱን በዱላ የተመታ ሰው ጉዳቱ ይበልጡን የሚያርፈው በተመታበት ስፍራ ዙሪያ ነው። መኪና ሲገለበጥ ግን ጭንቅላት በድንገት ይሽከረከራል፤ ለስላሳው አንጎልም ይጠማዘዛል። የነርቭ ሕዋሳትን የሚያገናኙት ቀጫጭን ክሮች፣ ማለትም አክሶኖች፣ ይለጠጣሉ። ብዙዎቹ ወዲያው አይበጠሱም፤ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ አብጠው ይቆረጣሉ። ሐኪሟ ሳቢና ስትሪች ይህን የነጩን የአንጎል ክፍል መበላሸት የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1956 ነበር። ሲቲ ስካን እንኳ ብዙ ጊዜ አያሳየውም።

ለመሆኑ ከዚያ ወዲያስ? በኤም.አር.አይ. የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት የተራራቁ የአንጎል ክፍሎች ግንኙነት ይላላል። አንዳንድ የተረፉ መስመሮች ደግሞ፣ ዋናው መንገድ ሲዘጋ የእግር መንገዱ እንደሚጨናነቅ ሁሉ፣ ከቀድሞው ይልቅ ሥራ ይበዛባቸዋል። ይህ የማገገም ምልክት ነው ወይስ የድካም? ተመራማሪዎች ገና አልተስማሙም።

ቁስሉ ድኖ ወደ እርሻው የተመለሰ ሰው ሐሳቡን መሰብሰብ ሲያቅተው፣ በጥቂቱ ሲቆጣ፣ ቶሎ ሲደክመው ጎረቤት «ሰነፈ» ይለዋል። ፍርዱ የተሳሳተ ነው፤ የተቆረጠው መንገዱ ነውና። ጥገናውም ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1984 በመኪና አደጋ የተጎዳው አሜሪካዊው ቴሪ ዋሊስ መናገር የጀመረው ከ19 ዓመት በኋላ በ2003 ነው፤ በ2006 የታተመ ጥናትም በአንጎሉ ውስጥ አክሶኖች ዳግም ሳያድጉ እንዳልቀሩ የሚጠቁም ምልክት አግኝቷል።