ምዕራፍ ስምንት፦ ሥራን በዕቅድ መምራት

ሀ. ምንባብ

መመሪያ፦ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ መልመጃዎቹን ሥሩ።

«ሰነፍ» የሚለው ቃል በትምህርት ቤት ያለ ጥንቃቄ ይነገራል። ደብተሩን የረሳ፣ የቤት ሥራውን ጀምሮ ያልጨረሰ፣ ለፈተና በዋዜማው ብቻ የሚያነብ ተማሪ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ይሁን እንጂ ለብዙዎቹ የጎደላቸው ዕውቀት ወይም ፍላጎት ሳይሆን ሥራን የመምራት ልማድ ነው። ስሙ ሲደጋገም ግን ተማሪው ራሱ ያምነውና መሞከሩን ይተዋል።

ይህ ችሎታ ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። እነርሱም ለሥራው የሚያስፈልገውን ነገር በአእምሮ ይዞ መቆየት፣ ከሥራ የሚያዘናጋን ፍላጎት መግታት፣ ሁኔታ ሲለወጥም አካሄድን ማስተካከል ናቸው። እነዚህን በማስተባበር ረገድ ከፍተኛ ድርሻ ያለው በግንባር በኩል የሚገኘው የአንጎል ክፍል ሲሆን፣ እድገቱ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ይቀጥላል። ስለዚህ የ16 ዓመት ወጣት በዚህ ረገድ ቢደናቀፍ አያስደንቅም፤ በልምምድ ግን ይሻሻላል።

አርብ የሚቀርብ ድርሰት የታዘዘ ተማሪ ሥራውን ቢከፋፍለው ይቀለዋል፤ ሰኞ ርእስ ይመርጣል፤ ማክሰኞ ሐሳቦቹን ይዘረዝራል፤ ረቡዕ ይጽፋል፤ ሐሙስ ያርማል። ጥናትም እንዲሁ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ቀለማት በቃሉ እያጠና ራሱን ከመረመረ በኋላ፣ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች በፍጥነት እንደሚረሳ፣ በተለያዩ ቀኖች ሲከለስ ግን በአንድ ጊዜ ከሚደረግ ድግግሞሽ ይልቅ እንደሚጸና አሳይቷል።

መምህር ወይም ታላቅ ወንድም ተማሪውን ሲያግዝ ሥራውን አይሠራለትም፤ ይጠይቀዋል እንጂ። «ከምን ትጀምራለህ? ምን ያስፈልግሃል? የሚያቋርጥህ ነገር ቢመጣ ምን ታደርጋለህ?» ተማሪው እነዚህን ጥያቄዎች ራሱን መጠየቅ ሲለምድ ረዳቱ ቀስ በቀስ ይርቃል።

ለ. ሰዋስው

«ነገ አጠናለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሰዋስው ረገድ ሙሉ ነው፤ ዕቅድ ለመሆን ግን ይጎድለዋል። «ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ምሳ እንደ በላሁ፣ ለ30 ደቂቃ ሒሳብ እሠራለሁ» ሲባል «ስመለስ» እና «እንደ በላሁ» ጊዜውን ይወስናሉ፤ «እሠራለሁ» ማሠሪያ አንቀጽ ነው። «ጓደኛዬ ቢጠራኝ፣ ስጨርስ እመጣለሁ እለዋለሁ» በሚለው ውስጥ ደግሞ «ቢጠራኝ» ሁኔታን ያመለክታል።

ሐ. መልመጃ

1. በምንባቡ መሠረት «ሰነፍ» የሚለው ስም ተማሪውን እንዴት ይጎዳዋል?
2. የሚከተሉትን በተስማሚ ማሠሪያ አንቀጽ ፈጽሙ።
   ሀ) እራት ከመቅረቡ በፊት ___።
   ለ) መብራት ቢጠፋ ___።
3. «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ከምንባቡ ሐሳብ ጋር አዛምዳችሁ በአንድ አንቀጽ አብራሩ።
4. የሚከብዳችሁን አንድ የትምህርት ዓይነት መርጣችሁ የአንድ ሳምንት ዕቅድ ጻፉ። ቢያንስ ሦስት የጊዜና ሁለት የሁኔታ አገላለጾችን ተጠቀሙ። በሳምንቱ መጨረሻ የተፈጸመውንና ያልተፈጸመውን ለይታችሁ፣ ምክንያቱንም ገልጻችሁ፣ ዕቅዱን አሻሽላችሁ ጻፉ።