የቻይና ነገሥታት የጨረቃ መሠዊያ

በቻይና ዋና ከተማ በቤይጂንግ፣ ቀድሞ ፔኪንግ እየተባለች ትጠራ በነበረችው ከተማ፣ ከጥንቱ ቅጥር በስተምዕራብ ዩዌታን የሚባል የሕዝብ መናፈሻ ይገኛል። «ዩዌ» ማለት ጨረቃ፣ «ታን» ማለት መሠዊያ ነው። ዛሬ ሕዝብ የሚዝናናበት ይህ ቦታ በሚንግና በቺንግ መንግሥታት ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ እየመጣ ለጨረቃ መሥዋዕት የሚያቀርብበት የተከበረ ስፍራ ነበር። በዚህች አጭር ጽሑፍ ለመግለጽ የምሞክረው መሠዊያው መቼና እንዴት እንደ ተሠራ ብቻ ሳይሆን፣ አሠራሩ ራሱ ምን ይናገር እንደ ነበረ ጭምር ነው።

በመጀመሪያ፣ ያን ያህል ሰፊ አገር የሚገዛ ንጉሥ ለምን ለጨረቃ ይሰግድ ነበር? የሚል ጥያቄ ይነሣል። በጥንታዊው የቻይና እምነት ንጉሠ ነገሥቱ «የሰማይ ልጅ» ይባል ነበር። ሥልጣኑ ከሰማይ የተሰጠው አደራ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ በሰማይና በሰው መካከል ያለውን ሥርዓት መጠበቅ ግዴታው ነበር። የዓመቱ መቍጠሪያም የሚወጣው በእርሱ ስም ነበር። ስለዚህ ወቅቱን ጠብቆ ለሰማይ አካላት መስገድ ለንጉሡ የመንግሥት ሥራ እንጂ የግል ጸሎት ብቻ አልነበረም።

መሠዊያው የተሠራው የሚንግ ንጉሠ ነገሥት በነበረው በጂያጂንግ ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1530 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለሰማይና ለምድር የሚቀርበው መሥዋዕት በ1420 ዓ.ም. በከተማዋ ደቡብ በተሠራው ቤተ መቅደስ በአንድነት ይፈጸም ነበር። ጂያጂንግ ግን እያንዳንዱ የየራሱ ስፍራ ሊኖረው ይገባል ብሎ ወሰነ። በዚህም መሠረት የሰማይ መሠዊያ በደቡብ፣ የምድር በሰሜን፣ የፀሐይ በምሥራቅ፣ የጨረቃ በምዕራብ ሆኑ። የፀሐዩ መሠዊያ ፊቱን ወደ ምዕራብ፣ የጨረቃው ደግሞ ወደ ምሥራቅ ስለ ነበረ፣ ሁለቱ ቤተ መንግሥቱን መካከል አድርገው ይተያዩ ነበር ለማለት ይቻላል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። ቻይናውያን በዓለም ያለውን ነገር ሁሉ «ያንግ» እና «ዪን» በሚሏቸው ሁለት ኃይሎች ይከፍሉት ነበር። ብርሃን፣ ሙቀትና ወንድነት የያንግ ናቸው፤ ጨለማ፣ ቅዝቃዜና ሴትነት የዪን ናቸው። ከቍጥርም ጎዶሎው ለያንግ፣ ለሁለት እኩል የሚከፈለው ሙሉ ቍጥር ለዪን ነው። ይህን ካወቅን በኋላ የሁለቱን መሠዊያዎች ልክ ብናስተያይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን።

የፀሐይ መሠዊያ ጎኑ 5 ዣንግ፣ ቁመቱ 5 ቺ ከ9 ጹን፣ ደረጃው 9 ነበር። የጨረቃ መሠዊያ ግን ጎኑ 4 ዣንግ፣ ቁመቱ 4 ቺ ከ6 ጹን፣ ደረጃው 6 ነበር። (10 ጹን 1 ቺ፣ 10 ቺ 1 ዣንግ ሲሆን፣ 1 ቺ የሜትር ሲሶ ያህል ነው።) ይህም ማለት የጨረቃው መሠዊያ በእያንዳንዱ ጎን 13 ሜትር ያህል የሆነ፣ ከፍታው ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙ የማይርቅ አራት ማዕዘን መድረክ ነበር ማለት ነው። የፀሐዩ ቍጥሮች ሁሉ ጎዶሎ፣ የጨረቃው ሁሉ ሙሉ እንደ ሆኑ ልብ በሉ። ቀለሙም እንዲሁ ተለይቷል፤ በመጀመሪያ ሲሠሩ የፀሐዩ ወለል በቀይ፣ የጨረቃው በነጭ አንጸባራቂ ሸክላ ተነጥፎ ነበር። ለመሥዋዕቱ የሚያገለግሉት ዕቃዎችም ለሰማይ ሰማያዊ፣ ለምድር ብጫ፣ ለፀሐይ ቀይ፣ ለጨረቃ ነጭ እንዲሆኑ ታዝዞ ነበር።

የፀሐይ መሥዋዕት በጸደይ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት ጧት ይቀርባል። የጨረቃው ደግሞ በመጸው፣ ቀንና ሌሊት እንደ ገና እኩል በሚሆኑበት ዕለት፣ በእኛ አቈጣጠር በመስከረም 12 ወይም 13 ገደማ፣ በምሽት ይፈጸም ነበር። ከዚያች ዕለት በኋላ በቻይና ሌሊቱ ከቀኑ እየረዘመ ስለሚሄድ የዪን ኃይል ይበረታል ይባላል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ የሚመጣው በየሦስት ዓመቱ ሲሆን፣ በሌሎቹ ዓመታት ወኪል ይልክ ነበር። ከጨረቃ ጋር 5ቱ ፕላኔቶችና 28ቱ የከዋክብት ማደሪያዎች አብረው ይከበሩ ነበር። ጨረቃ በከዋክብት መካከል ዞራ ወደ ተነሣችበት የምትመለሰው በ27 ቀን ከሲሶ ገደማ ስለ ሆነ፣ እነዚህ 28 ማደሪያዎች በመንገዷ ላይ እንደ ማረፊያ ቤቶች የሚቈጠሩ ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የቻይና ሕዝብ በየቤቱ ክብ ኬክ እየበላ የሚያከብረው የጨረቃ በዓል የሚውለው በጨረቃ አቈጣጠር በ8ኛው ወር በ15ኛው ቀን፣ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ጊዜ ነው። የንጉሡ መሥዋዕት ዕለት ግን የሚወሰነው በፀሐይ ጉዞ ነበር። በመሆኑም በዚያች ምሽት ጨረቃ ሙሉ ልትሆን፣ ግማሽ ልትሆን ወይም ጨርሶ ላትታይ ትችል ነበር። ሕዝቡ የሚደሰተው በሚያያት ጨረቃ ሲሆን፣ ንጉሡ የሚያከብረው በሒሳብ የተገኘውን የሰማይ ሥርዓት ነበር።

በ1912 ዓ.ም. የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ዙፋኑን ሲለቅ የነገሥታቱ ዘመን አከተመ። ቦታው በ1955 ዓ.ም. መናፈሻ ሆነ። ከ1966 እስከ 1976 ዓ.ም. በቈየው በባህል አብዮት ጊዜ ግን የድሮ ነገር ሁሉ የኋላ ቀርነት ምልክት ተብሎ ብዙ ቅርስ ሲጠፋ፣ መድረኩም ፈረሰ፤ በግቢውም የቴሌቪዥን ማሠራጫ ግንብ ቆመ። ዛሬ የሚታዩት የደወሉ ቤት፣ ንጉሡ ልብሱን የሚለውጥበት አዳራሽና ሌሎች ጥቂት ሕንፃዎች ናቸው። በ2006 ዓ.ም. መንግሥት ስፍራውን ከአገሪቱ ጥብቅ ቅርሶች ጋር መዘገበው፤ ሆኖም መሠዊያው አስቀድሞ ጠፍቶ ነበር።

ይህን ስጽፍ ለጨረቃ መስገድ ተገቢ ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን አንድን እምነት አለመቀበል ሌላ፣ ያ እምነት የሠራውን ሥራ ማፍረስ ሌላ ነው። ዛሬ ስለ 4 ዣንጉ፣ ስለ 6ቱ ደረጃና ስለ ነጩ ወለል ለመናገር የቻልነው የሚንግ መንግሥት ጸሐፊዎች በጊዜው ለክተው ስለ መዘገቡት ነው። ድንጋዩ ሲሄድ ጽሕፈቱ ቀረ። ስለዚህ ታሪክ የምንማር ሁሉ በየአካባቢያችን የድሮ ሕንፃ ስናገኝ አድንቀን ብቻ አንለፍ፤ ርዝመቱን እንለካ፣ ደረጃውን እንቍጠር፣ ትርጕሙንም ከሚያውቁት አባቶችና እናቶች ጠይቀን በደብተራችን እንጻፍ። መጠበቁ ከኃይላችን በላይ ቢሆን እንኳ መመዝገቡ ከኃይላችን በላይ አይደለም።