የመጫወቻ መሣሪያን በጥቂት ወጪ ከኢንተርኔት ጋር ስለ ማገናኘት
ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች የሚጠቅም ትምህርት

በቤት ቴሌቪዥን ላይ የሚገጠመው የመጫወቻ መሣሪያ ዛሬ ከሚፈለጉት የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች አንዱ ሆኗል። ልጆች ብቻ ሳይሆኑ ጐልማሶችም ይጫወቱበታል፤ በየሰፈሩም መሣሪያውን በሰዓት እያከራዩ የሚተዳደሩ አሉ። ዕቃውን የሚያስመጣው ነጋዴም ሆነ በሱቁ ደርድሮ የሚሸጠው ቸርቻሪ ዋጋውንና የተሠራበትን ዘመን አጥንቶ ያውቃል። ገዢው ዕቃውን ቤቱ ካደረሰ በኋላ የሚገጥመው ሁለተኛ ወጪ፣ ይኸውም የኢንተርኔቱ ወጪ፣ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል። የደንበኛ ቅሬታም የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ አንድ አባት ለልጁ መጫወቻ ሊገዛ ወደ አንድ ሱቅ ገባ እንበል። ሁለት ተመሳሳይ መሣሪያዎች ይቀርቡለታል፤ አንደኛው ዲስክ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው፣ ሁለተኛው የሌለው ነው። ሁለተኛው በዋጋ ስለሚቀንስ እሱን ይመርጣል። ማታ ልጁ በስልክ ኢንተርኔት አገናኝቶ የመጀመሪያውን ጨዋታ ማውረድ ሲጀምር፣ ሥራው ግማሽ ሳይደርስ አባትየው ለወሩ የገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ያልቃል። በማግሥቱ አባትየው መሣሪያውን ተሸክሞ ይመለሳል። ባለሱቁ ቢመረምረው ዕቃው አንዳች ጉድለት የለበትም፤ የጎደለው በሽያጩ ሰዓት ሊሰጥ ይገባ የነበረው ምክር ነው። እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደርስ ከዚህ በታች ያሉትን ነጥቦች ማወቅ ይበጃል።

መጫወትና ማውረድ አንድ አይደሉም

ከሁሉ በፊት ሊታወቅ የሚገባው፣ በኢንተርኔት መጫወትና ጨዋታውን ራሱን ከኢንተርኔት ማውረድ በወጪ ረገድ እጅግ የተራራቁ መሆናቸው ነው። ሁለት ሰዎች በኢንተርኔት ኳስ ሲጫወቱ በመካከላቸው የሚመላለሰው ሥዕሉ ሳይሆን ተጫዋቹ የቱ ጋ እንዳለ፣ ኳሱ ወዴት እንደ ሄደ የሚገልጽ አጭር መልእክት ነው። ሥዕሉን የሚሥለው በየቤቱ ያለው መሣሪያ ነው። ስለዚህ አንድ ሰዓት መጫወት ብዙውን ጊዜ ከጥቂት አሥር ሜጋባይት እስከ 300 ሜጋባይት ገደማ ቢፈጅ ነው። ጨዋታውን ማውረድ ግን ሥዕሉን፣ ድምፁንና መላ ይዘቱን ማምጣት ስለሆነ፣ ታላላቆቹ ጨዋታዎች ከ50 እስከ 100 ጊጋባይት፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ይወስዳሉ።

ይህን በስሌት ማየት ይቻላል። ጨዋታው በሰዓት 100 ሜጋባይት ይፈጃል ብንል፣ አንድ የ80 ጊጋባይት ጨዋታ ለማውረድ የሚወጣው ዳታ ለ800 ሰዓት ጨዋታ ይበቃ ነበር። በቀን ሁለት ሰዓት ለሚጫወት ልጅ ይህ የ400 ቀን፣ ማለት ከአንድ ዓመት የሚበልጥ ጨዋታ ነው። ስለዚህ ወጪን መቀነስ የሚፈልግ ሰው ቁጠባውን መጀመር ያለበት ከማውረዱ ላይ ነው።

ዲስክ ያለውና ዲስክ የሌለው

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ፕሌይስቴሽን 5 ለአሜሪካ ገበያ ሲቀርብ ዲስክ የሚቀበለው በ499 ዶላር፣ የማይቀበለው በ399 ዶላር ነበር። ልዩነቱ 100 ዶላር ነው። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስም እንዲሁ ዲስክ አይቀበልም። ያልተገደበ ኢንተርኔት በቤቱ ላለው ገዢ ይህ ቅናሽ እውነተኛ ቅናሽ ነው። ዳታን በጊጋባይት እየቆጠረ ለሚገዛው ግን፣ ዛሬ ያተረፈው 100 ዶላር በየጨዋታው እየተቆረሰ ለጥቅል መግዣ ይሄዳል።

የፕሌይስቴሽን 4 ዲስክ እስከ 50 ጊጋባይት፣ የፕሌይስቴሽን 5 ዲስክ ደግሞ እስከ 100 ጊጋባይት ሊይዝ ይችላል። ይህን ያህል ዳታ በዲስክ ተጭኖ ሲመጣ ገዢው በኢንተርኔት ከማምጣት ይድናል። ከዚህም ሌላ ዲስክ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ይዋሳል፤ ለባለሱቁም ደንበኛውን መልሶ የሚያመጣ ዕቃ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ዲስክ የጨዋታውን መላ ይዘት እንደማይዝና ከወጣ በኋላ የተደረገለት ማሻሻያ በኢንተርኔት እንደሚወርድ ለገዢው ሳይደበቅ ሊነገረው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው አነስ ባለው ፕሌይስቴሽን 5 ላይ የዲስክ ማጫወቻውን ለብቻ ገዝቶ መግጠም ይቻላል፤ ሲገጠም ግን መሣሪያው አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት አለበት።

ገመድ፣ ዋይፋይና ስልክ

ቤቱ የኢንተርኔት መስመር የገባለት ሰው ከሁሉ የሚረክሰውና የማያስቸግረው መንገድ የኔትዎርክ ገመድ ነው። ካት 5 ኢ የሚባለው ገመድ እስከ 100 ሜትር ርዝመት ድረስ በሰከንድ 1,000 ሜጋቢት ያስተላልፋል፤ ይህም ለማናቸውም የቤት መጫወቻ ከበቂ በላይ ነው። ባለሱቁ ገመዱን በሜትር ቆርጦ ጫፍና ጫፉን ራሱ ቢያስር ለገዢው ይረክሳል፣ ለራሱም ትርፍ አለው። የስምንቱ ሽቦዎች የተለመደ አሰላለፍ ይህ ነው፦ ነጭ በብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ በሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ በቡናማ፣ ቡናማ። ሁለቱም ጫፎች በአንድ ዐይነት አሰላለፍ መታሰር አለባቸው።

አስመጪው ደግሞ ገመዱ ሙሉ መዳብ መሆኑን ሳያረጋግጥ ማዘዝ የለበትም። በገበያ ላይ አሉሚኒየሙ በመዳብ የተለበጠ ገመድ አለ፤ በዋጋ ይቀንሳል፣ ነገር ግን ቶሎ ይሰበራል፣ በረጅም ርቀትም ይደክማል። ምርመራው ቀላል ነው፤ የሽቦው ፊት በቢላ ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ሆኖ ከታየ ሙሉ መዳብ አይደለም።

ገመድ መዘርጋት የማይመች ሲሆን ዋይፋይ ይተካዋል። እዚህ ላይ ያለ ጥቅም ገንዘብ እንዳይወጣ የመሣሪያውን ዐይነት መለየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 የሚቀበለው 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ሞገድ ብቻ ነው። 5 ጊጋኸርዝ የሚሰጥ ውድ ራውተር ለዚህ መሣሪያ ብሎ መግዛት ከንቱ ወጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 4 ግን ሁለቱንም ይቀበላል።

መስመር ያልገባለት ሰው የስልኩን ኢንተርኔት በሆትስፖት ሊያካፍል ይችላል። በኢትዮጵያ ይህን አገልግሎት ከኢትዮ ቴሌኮም በተጨማሪ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ስለሚሰጥ፣ የሁለቱን የዕለቱን ታሪፍ አነጻጽሮ መግዛት ይጠቅማል። ከላይ እንደ ተገለጸው ለመጫወት ብቻ ከሆነ የስልኩ ጥቅል ይበቃል። ነገር ግን መሣሪያው በራሱ ፈቃድ ማሻሻያ እንዳያወርድ፣ የማሻሻያ ማዘዣው አስቀድሞ መዘጋት አለበት። ይህ ካልተደረገ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ መሣሪያው ጥቅሉን ሊጨርሰው ይችላል። ትልቅ ጨዋታ ማውረድ ግድ ሲሆን፣ መሣሪያውን መስመር ወዳለበት ዘመድ ቤት ወስዶ ሌሊቱን ማሳደር ከጥቅል መግዛት ይሻላል።

በርከት ያሉ መሣሪያዎችን የሚያከራይ ሰው በኤክስቦክስ የሚሠራ ከሆነ፣ በአንደኛው ላይ የወረደውን ጨዋታ በቤት ውስጥ ባለው ኔትዎርክ ወደ ሌላው መገልበጥ ይችላል፤ ይህ የኢንተርኔት ዳታ አይፈጅም። የጨዋታው ፈቃድ ግን ለሁለተኛው መሣሪያም መኖር ይገባዋል።

ያገለገሉ መሣሪያዎች

ያገለገለ ዕቃ የሚነግድ ሰው የየዘመኑን ልዩነት ማወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የተሸጠው ድሪምካስት በቴሌፎን መስመር የሚሠራ ሞደም በውስጡ ነበረው። የፕሌይስቴሽን 2 የመጀመሪያው ሞዴል የገመድ ማገናኛው ለብቻው የሚሸጥ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ቀጭኑ ሞዴል ግን በውስጡ ይዞት መጣ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ኤክስቦክስ 360 የገመድ ቀዳዳ እንጂ ዋይፋይ አልነበረውም፤ የዋይፋይ ማገናኛው በአሜሪካ 100 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ዋይፋይ በውስጡ የገባለት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኒንቴንዶ ስዊች ዋይፋይ እንጂ የገመድ ቀዳዳ የለውም፤ በገመድ ለማገናኘት ለብቻው የሚሸጥ ማገናኛ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ኦሌድ ሞዴል ግን ማስቀመጫው ላይ ቀዳዳው አለው።

ዋይፋይ የሌለው መሣሪያ ያለው ሰው ውድ ማገናኛ ከመግዛቱ በፊት ቤቱ ላፕቶፕ እንዳለ ይጠየቅ። ላፕቶፑ በዋይፋይ የተቀበለውን ኢንተርኔት በአጭር ገመድ ለመጫወቻው ማካፈል ይችላል፤ በዊንዶውስ ውስጥ ለዚሁ የተዘጋጀ ማዘዣ አለ። ወጪው የገመዱ ዋጋ ብቻ ነው።

ፍጥነትና ርቀት

የኢንተርኔት ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት ሲሆን የጨዋታው መጠን የሚነገረው በሜጋባይት ነው። ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ሁለቱ እንዳይምታቱ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚሰጥ መስመር 80 ጊጋባይት ለማውረድ 18 ሰዓት ገደማ፣ በ5 ሜጋቢት ደግሞ 36 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ያልተገደበ ዳታ የሚሰጥ መስመር ላለውና ሁለት ሌሊት መታገሥ ለሚችል ሰው፣ ዝቅተኛው ፍጥነት ይበቃዋል።

ከፍተኛ ፍጥነት መግዛትም ጨዋታውን ሁልጊዜ አያፋጥነውም። መልእክቱ በብርሃን ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ጀርመን ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ደርሶ መልሱ ቢያንስ የሰከንድ አንድ ሃያኛ ይወስዳል፤ ገመዱ በቀጥታ ስለማይሄድም በተግባር ከዚህ ይበልጣል። ይህን መዘግየት የሚፈጥረው ርቀቱ ነውና በገንዘብ አይገዛም። ስለሆነም ተጫዋቹ በጨዋታው ውስጥ የሚቀርበውን አገልጋይ ጣቢያ ይምረጥ እንጂ ለዚህ ብሎ ጥቅል አያሳድግ።

የአባልነት ክፍያ

በፕሌይስቴሽን 4ና 5 ላይ፣ እንደ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ያሉትን በገንዘብ የሚገዙ ጨዋታዎች በኢንተርኔት ከሌላ ሰው ጋር ለመጫወት ፕሌይስቴሽን ፕላስ የሚባል የአባልነት ክፍያ ያስፈልጋል። እንደ ፎርትናይት ያሉት በነፃ የሚሰጡ ጨዋታዎች ግን ይህን አይጠይቁም፤ በኤክስቦክስም እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2021 ወዲህ እንዲሁ ሆኗል። ለክፍያው የሚሸጠው ካርድ የተጫዋቹ አካውንት ከተከፈተበት አገር ጋር አንድ መሆን አለበት። የአሜሪካ ካርድ በእንግሊዝ አካውንት አይሠራም። ካርድ የሚሸጥ ባለሱቅ ይህን ሳይጠይቅ ከሸጠ ከደንበኛው ጋር መጣላቱ አይቀርም።

ለገዢው የሚቀርቡ አራት ጥያቄዎች

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ ባለሱቁ ዕቃውን ከመደርደሪያ ከማውረዱ በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች ለገዢው ቢያቀርብ መልካም ነው።

1ኛ. ልጅዎ የሚጫወተው ከማን ጋር ነው? ከወንድሙ ወይም ከጓደኛው ጋር በአንድ ክፍል ከሆነ ሁለት መቆጣጠሪያ ይበቃል፤ ኢንተርኔት ላያስፈልግ ይችላል።
2ኛ. ቤትዎ መስመር ገብቷል ወይስ በስልክ ይጠቀማሉ? በስልክ ከሆነ ዲስክ የሚቀበለው መሣሪያ ይሻልዎታል።
3ኛ. ቴሌቪዥኑ ከራውተሩ ምን ያህል ይርቃል? በዚህ መልስ ልክ ገመዱ ይቆረጣል።
4ኛ. የትኛውን ጨዋታ ይፈልጋል? የአባልነት ክፍያ መኖሩ አለመኖሩ በዚህ ይታወቃል።

ይህ ጥያቄና መልስ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። አንዳንድ ጊዜ ባለሱቁ ውዱን ራውተር ሳይሸጥ በጥቂት ሜትር ገመድ ደንበኛውን ይሸኝ ይሆናል። የዚያን ቀን ትርፉ ቢያንስም፣ በምሳሌው የተነሣው አባት መሣሪያውን ተሸክሞ ለክርክር አይመለስም። ዳግመኛ ሲመጣ የሚመጣው ለልጁ ሁለተኛ ዲስክ ሊገዛ ነው፤ ምናልባትም ጎረቤቱን አስከትሎ ይመጣል።