ለብቻ ወይስ በመካከል?



ለአካል ጉዳተኞችና በጽኑ ለታመሙ ሕፃናት የተለየ መጫወቻ ስፍራ ማዘጋጀት ፍትሓዊ ነውን? አንዳንዶች «ርኅራኄ ነው» ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ «በመልካም ስም የተሸፈነ ማግለል ነው» ይላሉ። በዚህ ትምህርታችን ነገሩን በወንጌል ብርሃን እንመርምር።

አስቀድመን ሁለት ምሳሌዎችን እንመልከት። የፊልም ተዋናዩ ፖል ኒውማን በ1988 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኮኔቲከት፣ በ1994 ደግሞ በአየርላንድ በባረትስታውን፣ በጽኑ የታመሙ ሕፃናት ያለ ክፍያ የሚሰነብቱባቸውን የመዝናኛ ካምፖች አቋቋመ። በዚያ መለየቱ ምክንያት አለው። የካንሰር ሕክምና የሰውነትን የመከላከል ኃይል ስለሚያዳክም፣ ለጤነኛ ልጅ ቀላል የሆነ ተላላፊ በሽታ ለታማሚው ብርቱ አደጋ ይሆንበታል፤ ስለዚህ ሐኪም በአቅራቢያው ሊኖር ይገባል። ጠጕሩ የረገፈበት ልጅም እንደ እርሱ ያሉትን ሲያገኝ እንግዳነቱ ይቀርለታል።

በ2010 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ በሳን አንቶኒዮ ከተማ የተከፈተው ሞርጋንስ ዎንደርላንድ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። መሥራቹ ጎርደን ሃርትማን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባት ልጁ በመዋኛ ስፍራ ወደ ሌሎች ልጆች ስትቀርብ ጥለዋት ሲወጡ ተመልክቶ ነበር። በዚህ መናፈሻ ዥዋዥዌው ተሽከርካሪ ወንበርን ከነተቀማጩ ይሸከማል፤ አካል ጉዳተኛው በነፃ ይገባል፤ በሩም ለሁሉ ክፍት ነው። አስቀድሞ ለደካማው የታሰበው ስፍራ ለሁሉም በቃ ማለት ነው። በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 30 እነዚህ ሕፃናት ከሌሎች እኩል በጨዋታ እንዲሳተፉ ይጠይቃል፤ አገራችን በ2010 ተቀብላዋለች።

ጌታችንስ ምን አደረገ? መስማት የተሳነውን ሰው ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው (ማር. 7፣33)፤ እጁ የሰለለችውን ሰው ግን በመካከል እንዲቆም አዘዘው (ማር. 3፣3)። ሁለቱም የአንድ ፍቅር ሥራዎች ናቸው። ለብቻው የተወሰደው ሰው አንደበቱ ተፈትቶ ከሰው ጋር የሚነጋገር ሆነ እንጂ ተለይቶ እንዲቀር አልተደረገም። እንግዲህ መለኪያችን ይህ ነው፦ መለየቱ የልጁን ችግር ለማቃለል ከሆነና ወደ መካከል የሚመለስበት መንገድ ካለው ፍትሓዊ ነው። እኛ እንዳንቸገርና እንዳናየው ከሆነ ግን በደል ነው።

በብዙ ቁምስናዎቻችን ልዩ መጫወቻ የለም እንል ይሆናል። የተለየ ስፍራ ግን አለ፤ እርሱም የቤቱ ጓዳ ነው። ልጆች ከትምህርት በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ኳስ ሲጫወቱ፣ መራመድ የማይችለው ወንድማቸው ከእናቱ ጋር በቤት ይውላል። አንዳንዱን ሕመሙ፣ ብዙውን ግን የእኛ እፍረትና ቸልተኝነት አስቀርቶታል። መምህራን ሆይ፤ ወደዚያ ቤት ሂዱ፤ እናቲቱን ጠይቁ፤ ልጁ የሚችለውን ጨዋታ ከራሱ ስሙ። ሐኪም ከሕዝብ መካከል እንዳይገባ ከከለከለው፣ ጤነኛ የሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች በሐኪሙ ፈቃድ ወደ እርሱ ይሂዱ።

ለውይይት፦
1. በቁምስናችን በቤት የቀሩ ልጆች እነማን ናቸው?
2. ያስቀራቸው ሕመማቸው ነው ወይስ እኛ?
3. እስከሚቀጥለው በዓል ድረስ የትኛውን ደረጃ፣ የትኛውንስ ጨዋታ እንለውጥ?