ዋስ የሌላት እኅት



ወደ ዕብራውያን በተላከው መልእክት ምዕራፍ 7 ቁጥር 22 ላይ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የሚሻለው ኪዳን «ዋስ» ተብሎ ተጠርቷል። ቃሉን በንባብ ሰምተነው እናልፋለን። በፖሊስ ጣቢያ አጥር ውስጥ የሰው ፊት እየተመለከተ የሚጠብቅ እስረኛ ግን ዋስ ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ ይልቅ ጠንቅቆ ያውቃል። በዚህ ትምህርታችን ቃሉን ከዚያ ሥፍራ ተነሥተን ልንመለከተው እንወዳለን፤ ይኸውም ሴተኛ አዳሪ እየተባሉ የሚጠሩት እኅቶቻችን ሲታሰሩ የሚደርስባቸውን በማሰብ ነው።

አስቀድመን አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። ብዙዎቻችን እነዚህ ሴቶች የሚታሰሩት ገላቸውን በመሸጣቸው ይመስለናል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 634 የሚቀጣው ግን በሌላው ሰው ገላ የሚነግደውን፣ የሚያቃጥረውንና ቤቱን ለዚህ ሥራ የሚያውለውን ነው። ታዲያ ሴቲቱን ወደ እስር የሚያደርሳት ምንድን ነው? ደንበኛው ገንዘቤ ወይም ስልኬ ጠፋ ይላል፤ በመጠጥ መካከል ጠብ ይነሣል፤ ወይም ሌሊት በመንገድ ላይ በሚደረግ አፈሳ ትያዛለች። አንዳንድ ጊዜ በእርግጥ ሰርቃለች። አንዳንድ ጊዜም የተደበደበችው እርስዋ ሆና ሳለ ተከሳሽ ሆና ትገኛለች።

በሕግ በኩል በሩ ዝግ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ በዋስ የመፈታት መብቱንም ያውቅለታል። ዳኛውም ዋስ ጠርታ ትውጣ ይላሉ። መከራው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ዋስ የሚሆነው ሰው መታወቂያ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ደብዳቤ የሚያመጣ ወይም ንብረት የሚያስይዝ እንዲሆን ይፈለጋል፤ አለዚያ ጥሬ ገንዘብ ማስያዝ ነው። ይህች ሴት ከየት ታምጣው? ከገጠር ስትመጣ በመናኸሪያ የተቀበላት ደላላ ነው። በቤት ሠራተኝነት ገባች፤ ባረገዘች ጊዜ ተባረረች። ከትውልድ ሥፍራዋ መሸኛ ይዛ አልወጣችምና የነዋሪነት መታወቂያ የላትም። ዘመዶችዋ በምግብ ቤት የምትሠራ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ላስጠራቸው ብትል እፍረቱ ይገድላታል። ጓደኞችዋም እንደ እርስዋው መታወቂያ የሌላቸው ናቸው። በዚህ ምክንያት በዚያው ቀን በባሰ ክስ የተያዘ ደመወዝተኛ በማግሥቱ ወደ ቤቱ ሲገባ እርስዋ ትቀራለች።

ዐሥር ቀን ለእኛ አጭር ነው። ለእርስዋ ግን አልጋው በየቀኑ የሚከፈልበት ነው፤ ልጅዋን የምታሳድርላት ሴትም በየሌሊቱ ትከፈላለች። ኪራዩ ሲጓደል ዕቃዋ ይወሰዳል። በዚህ መካከል ዋስ አይገኝም ማለታችን አይደለም። ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ እርሱም የምትሠራበት ቤት ባለቤት ነው። ገንዘብ አስይዞ ያስፈታታል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእርሱ ባለ ዕዳ ናት፤ ታምማ እንኳ እምቢ ልትለው አትችልም። በቀደመው የአገራችን የሙግት ሥርዓት ዋስ ያጣ ሰው ከባላጋራው ጋር በነጠላ ተቋጥሮ ቁራኛ ይሆን ነበር። ነጠላው ዛሬ አይታይም እንጂ ቋጠሮው አለ።

ስለ ኀጢአቱስ ምን እንላለን የሚሉን አሉ። ቤተ ክርስቲያን ነገሩን አቅልላ አታየውም። ነገር ግን የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2355 ድህነት፣ ማስፈራሪያና የኅብረተሰብ ጫና የሴቲቱን ተጠያቂነት ሊያቀልሉት እንደሚችሉ ያስተምራል፤ የሚከፍለው ወንድ በራሱ ላይ ከባድ ኀጢአት እንደሚሠራም በዚያው ተጽፏል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ቤተ ክርስቲያን በዘመናችን ዓለም ባወጣው ሰነድ ቁጥር 27 ላይ ያለ አግባብ ማሰርንና ሴትን ለዝሙት ንግድ ማዋልን በአንድነት ዘርዝሮ፣ ይህ ሁሉ ከተበደለው ይልቅ በዳዩን እንደሚያረክሰው አስታውቋል። የቋንቋችን ነገር ግን ይገርማል። ሴቲቱን የምንሰድብባቸው ስሞች ቍጥር ሥፍር የላቸውም፤ ወደ እርስዋ የሚሄደውን ወንድ ግን «ደንበኛ» ብለን እናከብረዋለን።

ዋስ መሆንን በተመለከተ ቅዱስ መጽሐፍ ራሱ ያስጠነቅቀናል። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 6 እና 11 ለሌላው ዋስ የሚገባ ሰው በወጥመድ እንደሚያዝ ይናገራል። መጽሐፈ ሲራክ ግን በምዕራፍ 29 ነገሩን ከሁለቱም ወገን ይመዝነዋል፤ ደግ ሰው ለባልንጀራው ዋስ ይሆናል ካለ በኋላ፣ በዚህ ምክንያት ቤታቸው የፈረሰባቸው ብዙዎች እንዳሉም አይሰውርም። እኛም በአንድ ወቅት ዋስ ሆነን ፈርመን ሴቲቱ በቀጠሮዋ ሳትቀርብ ቀርታ ገንዘቡ ተወርሶብናል። የት እንደ ደረሰች እስከ ዛሬ አናውቅም። ለሁለተኛም ሴት ፈርመናል፤ እርስዋ ቀርባለች። ይህን የምንጽፈው አደጋ የለውም ብለን ለማታለል እንዳይመስልብን ነው። ስለዚህም አንድ ካህን ወይም አንድ መምህር ብቻውን ከሚፈርም ይልቅ የቁምስናው ምክር ቤት ጥቂት ገንዘብ ለይቶ ቢያስቀምጥ፣ የቀጠሮውንም ቀን የሚያስታውስና እስከ ችሎት አብሮ የሚሄድ ሰው ቢመድብ ይሻላል። ብዙዎቹ ሳይቀርቡ የሚቀሩት ቀኑን ስለሚረሱ ወይም ብቻቸውን ስለሚፈሩ ነው።

በኢያሪኮ የነበረችውን ረዓብን አስቡ (ኢያ. 2)። ሁለቱን ሰላዮች በቤትዋ ሸሸገቻቸው፤ እነርሱም በእርስዋ ሕይወት ፈንታ የራሳቸውን ሕይወት መያዣ አድርገው ማሉላት። ዋስትናው በሁለት ወገን የቆመ ነበር። ቅዱስ ማቴዎስም በወንጌሉ መጀመሪያ ራኬብ ብሎ ከጌታችን የዘር ሐረግ ውስጥ አኑሯታል፤ ስምዋን አልደበቀም።

ከእስር ከወጣች በኋላስ? በዚህ ላይ የሚያስተምረን ፈረንሳዊው ዶሚኒካዊ ካህን ብፁዕ ዮሐንስ ዮሴፍ ላታስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1864 በተወለደባት በካዲያክ ከተማ ወደሚገኘው የሴቶች እስር ቤት ሱባኤ ለመስበክ ተላከ። በልዩ ልዩ ወንጀል የተፈረደባቸው ሴቶች ነበሩ፤ ሲፈቱም የሚቀጥራቸው፣ የሚያስጠጋቸውም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1866 የቢታንያን ማኅበር መሠረተ። በዚያ ከእስር የወጣችውና ታስራ የማታውቀው አንድ ልብስ ለብሰው በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ፤ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ለውጭ ሰው አይነገርም። ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2012 ብፁዕ ብላዋለች። ገዳም መመሥረት የሁላችን ጥሪ አይደለም። በጥምቀት ትምህርት ክፍል ውስጥ አንዲት እናት ከየት እንደ መጣች ሳይጠየቅ ልጅዋን ማስመዝገብ እንድትችል ማድረግ ግን በመምህሩ እጅ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 እስረኞች በሃይማኖት አማካሪዎቻቸው እንዲጎበኙ ይፈቅዳል፤ በዚህ መብት የምንጠቀም ጥቂቶች ነን። መምህራን ሆይ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባችሁ የሲራክን ምዕራፍ 29 ከቁጥር 14 እስከ 20 አንብባችሁ ኑ። ደግሞም ከቁምስናችሁ ምእመናን መካከል የደመወዝ ደብዳቤ ማቅረብ የሚችሉና የሚፈቅዱ እነማን እንደሆኑ ጠይቃችሁ፣ ስማቸውን ጽፋችሁ አምጡ።