ባትሪ በብብት

የልምምድ ደብዳቤዬ ላይ የተጻፈው «ረዳት ካሜራማን» የሚል ነው። መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ በቆየንባቸው ስድስት ቀናት ግን ካሜራውን የነካሁት አቧራውን ጠርጌ ቦርሳ ውስጥ ሳስገባ ብቻ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሎኬሽን የሚወጣ የፊልም ተማሪ ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ብዙ ኩርፊያ ይቀርለታል። ለተለማማጅ ካሜራ አይሰጠውም። የሚሰጠው ካሜራው እንዳይቆም የሚያደርገው ነገር ሁሉ ነው፤ ባትሪው፣ ካርዱ፣ ዲቫይደሩ፣ ሻዩ፣ የምንቀርጻቸው ሰዎች ሰዓት።

የሄድነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጥር ላይ ነው። አምስት ሆነን በአንድ ሚኒባስ ተጭነን፣ የመንዝን ባና ከበጉ ጀርባ እስከ አልጋው ድረስ የሚከተል አጭር ዘጋቢ ፊልም ልንቀርጽ። ያኔ ማንም ያልነገረኝን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

ደረጃ 1፦ በእጃችሁ ያልነካችሁትን «አለ» አትበሉ

መሐል ሜዳ ከአዲስ አበባ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ፣ ጣርማ በር ላይ ከደሴው መንገድ ተገንጥላችሁ፣ በመዘዞና በሞላሌ ነው የምትገቡት። ዛሬ የሚሄድ ሰው ከሁሉ በፊት እዚያው ለሚኖር ሰው ደውሎ መንገዱ ሰላም መሆኑን ይጠይቅ፤ ፕሮግራም ማውጣት ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ ዕቃ ቆጠራ። በወረቀት ላይ፣ በቁጥር። የእኛ ዝርዝር 41 ነበር፤ ከትራይፖዱ እስከ መለዋወጫ ብሎኑ። እኔ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ፣ በእንቅልፍ ልቤ፣ «ይህ አለ፣ ይህም አለ» እያልኩ ምልክት አደረግሁ። ቦርሳውን ከፍቼ በእጄ የነካሁት ግማሹን እንኳ አይሆንም። የዚህን ዕዳ በሦስተኛው ቀን ከፍያለሁ፤ እደርስበታለሁ።

ለራሳችሁ የምትይዙት ቀላል ነው። ጣቱ የተቆረጠ የእጅ ሹራብ (ቁልፍ ለመንካት)፣ ድርብ ካልሲ፣ ጋቢ፣ ለከንፈር ቅባት፣ ፕላስተር፣ ማርከር፣ ብዙ ፌስታል። ፌስታሉን አትናቁ።

ደረጃ 2፦ ሁለት ጊዜ አስፈቅዱ

አንዱ ፈቃድ የወረቀት ነው። ከትምህርት ቤታችሁ ወይም ከድርጅቱ የተጻፈ ደብዳቤ ለወረዳው፣ ከወረዳው ለቀበሌው። ድሮን ካለ ደግሞ ፈቃዱ አዲስ አበባ ላይ ያለቀ መሆን አለበት፤ «እዚያ ሄደን እንነጋገራለን» የሚባልበት ዕቃ አይደለም።

ሁለተኛው የሰው ፈቃድ ነው። እግረ መንገዳችንን ጓሳን ልንቀርጽ አስበን ነበር። ጓሳ ባለቤት የሌለው ሜዳ እንዳይመስላችሁ። የአካባቢው ሰው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል፤ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ ቀን ቆርጦ፣ በአንድ ላይ ያጭደው ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ጥበቃው በሌላ መልክ ቀጥሏል። ከዚያ ሣር ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ ለእረኛ ገሳ ይሠራል። እንዲህ ተሰስቶለት ወደኖረ ቦታ ካሜራ ደግኖ ዘው ማለት ነውር ነው። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ የመጣችሁበት ጉዳይ፣ ከዚያ ደብዳቤው። ይህን ማን ያደርጋል? ዳይሬክተሩ። ተለማማጁ ቆሞ ያዳምጣል፣ ወንበር ያቀብላል፣ ስልኩን ያጠፋል።

ደረጃ 3፦ ባትሪውን አቅፋችሁ ተኙ

ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጥር ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው። የካሜራ ባትሪ ሲበርደው ኃይል መስጠት ያቅተዋል። ማታ መቶ በመቶ ሞልታችሁ ያስቀመጣችሁት፣ ጠዋት ሜዳ ላይ ሩብ ሰዓት ሳይሠራ «አለቀ» ይላችኋል። አላለቀም፣ በርዶት ነው። ስታሞቁት ኃይሉ ይመለሳል። ስለዚህ ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ቀን ብብት ሥር። ካሜራማናችን እጁን ሲዘረጋ እኔ ከጃኬቴ ውስጥ ትኩሱን አውጥቼ እሰጠውና የበረደውን ተቀብዬ በቦታው እከተዋለሁ። ሞቃቱን በቀኝ፣ የተሠራበትን በግራ፤ ከተቀላቀለ ጉድ ነው።

ፌስታሉ እዚህ ላይ ይመጣል። ከውጭ ብርድ እሳት ወደሚነድበት ቤት ካሜራ ይዛችሁ ስትገቡ ሌንሱ ላብ ያወጣል። ገና ውጭ ሳላችሁ ፌስታል ውስጥ አስገቡና አፉን ቋጥሩት። ቤት ከገባ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትፈቱ ታገሱ። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል፣ ሌንሱ ደረቅ ይሆናል። ቡና እስኪፈላ በቂ ነው።

መብራት ሲኖር፣ ቢያስፈልጋችሁም ባያስፈልጋችሁም፣ ሁሉንም ቻርጅ አድርጉ። ማታ እሞላለሁ ብሎ ማታ መብራት የሄደበት ሰው ምን እንደሚል አልጽፈውም።

ደረጃ 4፦ ሄድፎን ያደረገውን ሰው ፊት እዩ

ምስሉን ሁሉም ያየዋል፤ ድምፁን የሚሰማው አንድ ሰው ነው። ተለማማጅ ከካሜራው ስክሪን ይልቅ የድምፅ ባለሙያውን ግንባር ማየት ቢለምድ ብዙ ነገር ቀድሞ ያውቃል።

በሦስተኛው ቀን የበግ ጠጉር የሚፈትሉ አንዲት እናት ደጃፍ ነበርን። ቤት ውስጥ ጨለማና ጭስ ስለሆነ ውጭ፣ የድንጋይ ካብ ሥር፣ በርጩማ አወጣንላቸው። እንዝርቱ ይሾራል፣ የጠዋት ብርሃን ከጎን ገብቷል፣ ካሜራማኑ ደስ ብሎት በአፉ ያፏጫል። የድምፅ ባለሙያው ግን ግንባሩ ተቋጥሯል። ሄድፎኑን አውልቆ ወደ እኔ ዞረ።

«ጠጉራሙ የማይክ ልባስ የታለ?»

ዝርዝሩ ላይ ነበር። ምልክትም ተደርጎበታል። ዕቃው ግን አዲስ አበባ፣ መደርደሪያ ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፦ ወዲያው «ሳልነካው ነው ምልክት ያደረግሁት» ማለት። ማፈላለግ ማስመሰል የሁሉንም ሰዓት ይበላል። አልኩት። የመለሰልኝን እዚህ አልደግመውም።

ሴትዮዋ እንዝርታቸውን አቁመው ሲያዩን ቆዩ።

«ምን ጎደለባችሁ ልጄ?»

«እማማ፣ ንፋሱ ማይኩ ላይ እየነፋ ድምፅዎን ይጋርደዋል።»

«ታዲያ የበረደው ነገር ይለበስለታላ!»

መጀመሪያ ከቤት የአጎዛ ቁራጭ አመጡ። ጠቀለልንበት። ንፋሱ ጠፋ፤ ድምፃቸውም አብሮ ታፈነ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ እንደሚያወራ ሰው። ቆዳው ነው ያፈነው። ጠጉሩ ብቻ ቢሆን ንፋሱን ይበትነዋል፣ ድምፁን ግን ያሳልፈዋል። ይህን ስንከራከር እርሳቸው ከቅርጫታቸው እፍኝ የሚያህል ባዘቶ አንስተው፣ ሳሳ አድርገው ማይኩ ላይ አለበሱትና ራሳቸው በፈተሉት ክር አሰሩት። የድምፅ ባለሙያው ሄድፎኑን አደረገ። ግንባሩ ተፈታ። የቀረውን ቀረጻ በሙሉ የሠራነው በዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ክላፐር የምትመቱት፦ ቁጥሩን ጥሩ፣ ከፍሬሙ ውጡ፣ ዝም በሉ። ከቀረጻ በፊትና በኋላ የቦታውን ባዶ ድምፅ ለአንድ ደቂቃ መቅዳት አለ፤ ያን ጊዜ የሚያስነጥሰው ሁልጊዜ ተለማማጁ ነው። ቤት ውስጥ በአምፖል ብርሃን የምትቀርጹ ከሆነ ደግሞ ካሜራው በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩ አንድ ሃምሳኛ መሆኑን አረጋግጡ። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሌላ ቁጥር ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል።

ደረጃ 5፦ ጭላዳን አታሳድዱ

ጓሳ ላይ የምንፈልገው አንድ የመሸጋገሪያ ምስል ብቻ ነበር። ጭላዶች የሚያድሩት ገደል ላይ ነው፤ ፀሐይ ሞቅ ስታደርግ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ስለዚህ ቀድማችሁ፣ ከገደሉ አፍ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ሣራቸውን እየነጩ እነርሱ ይመጣሉ። ዳቦ መወርወር የለም። ትራይፖድ ይዞ መሮጥም የለም፤ በዚያ ከፍታ የምትደክሙት እናንተ ናችሁ።

ደረጃ 6፦ ካርዱ ሁለት ቦታ ሳይገለበጥ አትተኙ

ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺሕ ዓመት»ን የሠራው በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ያኔ እያንዳንዱ ሜትር ብር ነበር። እኛ ካርድ ስላለን እንዘረግፈዋለን፣ ማታ ላይ ዋጋውን ተለማማጁ ይከፍላል። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀዳ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል፤ 64 ጊጋባይት ካርድ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም ማለት ነው።

ከካሜራው የወጣ ካርድ ላይ ወዲያው ቀይ ፕላስተር ለጥፉ። ማታ ወደ ሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ገልብጡ። ከሁለቱም ላይ የመጀመሪያውን፣ የመሐሉንና የመጨረሻውን ፋይል ከፍታችሁ እዩ። ፕላስተሩ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀይ ያለበትን ካርድ ዳይሬክተሩ ቢለምናችሁም ፎርማት አታድርጉ። ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ቦርሳ አይጓዙም። በአራተኛው ሌሊት ስንገለብጥ መብራት ሄደ፤ ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ጨረሰው። እኔ ግን እስኪያልቅ ጋቢ ተከናንቤ መስመሯ ስትሞላ አያለሁ፣ ወጥ እንደሚጠብቅ ሰው።

ደረጃ 7፦ ስትመለሱ እንደገና ቁጠሩ

ለቀረጻችኋቸው ሰዎች የተዋዋላችሁትን ከመነሳታችሁ በፊት ክፈሉ፤ «እንልካለን» ያላችሁትን ፎቶ በማን በኩል እንደምትልኩ ስሙን ጻፉ። የተነቃነቀ የካብ ድንጋይ መልሱ፣ ፕላስተራችሁን ልቀሙ።

በመጨረሻው ጠዋት ሚኒባሱ ደጃፍ ላይ ዕቃውን አንድ በአንድ እየነካሁ ቆጠርኩ። አዲስ አበባ ከቀረው የማይክ ልባስ ጎን «አልመጣም» ብዬ ጻፍኩ። 40። ከዚያ ማይኩን ሳነሳው ክሩ አሁንም እንደታሰረ ነው። ዝርዝሩ ሥር አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «42. ባዘቶ፣ አንድ እፍኝ፣ ከክሩ ጋር።»